ሞቀ ማለት ገባ ማለት ነው

ደብረ ማርቆስ መብራት ጠፍቶ በመጣ ማግስት የእጅ ባትሪዬን ይዤ ሠፈራችን ካለ ጠጋኝ ዘንድ ሄድሁ። የቻርጅ መሰኪያዋ ተነቅሏል። «ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ቀጥታ እሰጣታለሁ» አለኝ። ከአሮጌ ቻርጀር የተቆረጠ ቀይና ጥቁር ሽቦ መዘዘ። ባትሪዋ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ መከላከያ ሰሌዳ ደግሞ «ይቺ ታዘገያለች» ብሎ ነቀላት።

ባትሪዋ ላይ አቅሟ 800 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። ቻርጀሩ ላይ 5 ቮልት፣ 2 አምፔር፤ ማለትም 2000 ሚሊ አምፔር። ጽሑፍ ማንበብ ግን የፈሪ ሥራ ነው። የእኛ ሰው በጉንጩ ይለካል።

ይህን ጉንጭ ሳላወድስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በየአምስት ደቂቃው ባትሪዋን አንስቶ ይለጥፍበታል። ከቀዘቀዘች «ገና አልገባላትም»። ለብ ካለች «ጀማምሯታል»። ፊቱን አስጨምድዳ ካስነሳችው «አሁን ገባ!» ጎኑ የተቀመጠ ደንበኛም የራሱን ጉንጭ አዋሰ፤ ሁለተኛ ምርመራ መሆኑ ነው። አንዲት ተማሪ በየትኛው ጉንጭ እንደሚሻል ጠየቀች። «በቀኙ፤ ግራውን ስለምተኛበት ይሞቃል» ተባለች። ጢም ሲያድግስ ልኬቱ ይዛባ ይሆን? ጥርሱን ባመመው ቀንስ ያበጠው ማን እንደሆነ በምን ይለያል? ቴስተሩማ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሷል። ለነገሩ ቴስተር ባትሪ ይጨርሳል፤ ጉንጭ እንጀራ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ምቀኞች ግን አይጠፉም። ለአብዛኛው ሊቲየም ባትሪ ከተጻፈበት አቅም ግማሽ ያህል ከረንት ይበቃዋል ይላሉ። ለእኔዋ 400 ሚሊ አምፔር ማለት ነው፤ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። እስከ 800 የሚፈቅድ ፋብሪካ አለ፤ ከዚያ በላይ ፋብሪካው ካልጻፈ አይሞከርም። ቮልቱም 4.2 ላይ መቆም አለበት። ስልክማ ውስጡ ተቆጣጣሪ ስላለው ከትልቅ ቻርጀርም የሚበቃውን ብቻ ይስባል። ራቁቷን የቀረች ባትሪ ተቆጣጣሪዋ ጉንጭ ነው። ከረንቱ ሲበዛባት ሊቲየሙ ማደሪያው በሆነው የካርቦን ንጣፍ፣ በግራፋይቱ ውስጥ መግባት ያቅተውና ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል። «ገባ» የተባለው በር ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ጮቄ ተራራ ላይ በውርጭ ሌሊት ቻርጅ ብታደርጓት ደግሞ በትንሹ ከረንትም ይኸው ይደርስባታል።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ባትሪዋ እንደ ድፎ ተነፋች። «ጠገበች!» አለ ጠጋኙ በኩራት። ቀጥሎ መርፌ አነሳ። «አየሯን ላስወጣላት?»

እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀ። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ በመርፌ አይወጋም! ይቀጣጠላል! ይህን የሚያደርግ ሰው ሱቁ ውስጥ ያቺን ተማሪ አስቀምጧል። ማታ ደግሞ ይህንኑ ሽቦ ልጆች በተኙበት አልጋ ስር ሰክቶ የሚያድር አባወራ አለ። መብራት ሳይሄድ ልሙላው ብሎ ቤቱን ያነዳል! ምን ያጣድፈዋል?

መርፌውን ነጥቄ ባትሪዋን ሜዳ ላይ ድንጋይ መሃል አስቀመጥኋት። ሂሳቤን ከፈልሁ፤ ጉንጩ ደክሟልና።

አዲስ ልገዛ ማዶ ካለው ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ባትሪዋን ጠቅልሎ ሰጠኝና «ጋሼ፣ ፈጣን ቻርጀር ልጨምርልዎት?» አለኝ።

ቀና ብዬ ጉንጩን አየሁት። ቀኙ ቀላ ብሏል።