ለማንም እንዳትነግር

ደሴ ላይ «ድብቅ ቦታ» የሚባል ነገር መኖሩን የሰማነው ከአዲስ አበባ ከመጡ ልጆች ነው። እስከዚያ ድረስ በከተማችን ተደብቆ የቀረ ነገር ቢኖር የአከራይ የልብ ሐሳብ ብቻ ነበር።

ልጆቹ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተንገላተው ይመጣሉ። ፒያሳ ሲወርዱ ብርዱ ጆሯቸውን ይቆነጥጣቸዋል፤ ሮጥ ብለው ጃኬት ይገዛሉ። ከዚያ ስልካቸውን ዱላ ላይ ሰክተው «ዛሬ ማንም የማያውቀውን የደሴ ምስጢር ይዤላችሁ መጥቻለሁ!» ይላሉ። ምስጢሩ ሙጋድ ሰፈር ያለ ሳምቡሳ ቤት ነው። ቪዲዮውን ልብ ብሎ ያየ ሰው ከልጁ ጀርባ የሙጋድን ግማሽ ሕዝብ ተሰልፎ ያገኘዋል፤ ከጁምዓ ሶላት የተመለሱ አባት፣ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች፣ ባጃጁን ሞተሩ እንደበራ ጥሎ የመጣ ሹፌር፣ ሹፌሩን ሊቀጣ መጥቶ ሽታው የማረከው ትራፊክ ፖሊስ። እነዚህ ሁሉ በልጁ ቆጠራ ማንም አይደሉም።

ፍርድ አይጓደል፣ ቤቱን ማግኘት ይከብዳል። ታፔላ የለውም። እኛ ዘንድ ታፔላ የሚሰቅለው ሰው የማያውቀው ነጋዴ ነው። ባለቤቷንም ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው፤ በየሰፈሩ ደግሞ ስንት እትዬ አለ! የስልኩ ካርታም አያዋጣም። ካርታው ደሴ ጠፍጣፋ ትመስለዋለች፤ «200 ሜትር ቀርቶሃል» ሲል ቁልቁል ይሁን ሽቅብ ትንፍሽ አይልም። አንዳንዱን አጥር ሥር አድርሶ «ደርሰሃል» ብሎት ዝም ብሏል። ስለዚህ ሰው መጠየቅ የግድ ነው። ሸዋ በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አዛውንት አይጠፉም።

«አባባ፣ የእትዬ ሳምቡሳ ቤት በየት በኩል ነው?»

«የኔ ልጅ፣ ኸዚህ ቀጥ ብለህ ትወርድና ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ትላለህ።»

«ወፍጮ ቤቱ በግልጽ ይታያል?»

«ኸረ ፈርሷል! ደርግ ሳይወድቅ ነው የፈረሰው። ቦታው ግን አለ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ኸዚያማ ትልቁ ጽድ አለልህ።»

«ጽዱስ አለ?»

«መንገዱ ሲሰፋ ቆረጡት። አብሽር፣ ብቻህን አታገኘውም፤ ቆይ ላድርስህ።»

እዚህ ላይ እንግዳው ያበቃለታል። «ላድርስህ» ሲባል እንዲሁ መነሳት አይደለም። ከዘራ ይፈለጋል፤ ጫማ ይቀየራል፤ መውጣታቸው ለባለቤታቸው ይነገራል። ባለቤታቸው ደግሞ በመጋረጃው ብቅ ብለው፣ «እንግዳ ይዘህ ወዴት ነው? ቡናው ቀርቧል፣ አታፍርም?» ይላሉ። እንግዳው ጫማውን አውልቆ ይገባል። ሳምቡሳው በዚያች ሰዓት ሙጋድ ላይ እያለቀ ነው።

እንደ ምንም አምልጦ ለደረሰ ሰው የሚጠብቀው አንዲት ክፍል ናት። ከበሩ በስተቀኝ ጥቁር ብረት ምጣድ ዘይቱን እያንጫጫ ይቀመጣል፤ ሳምቡሳው የምስር ነው፣ ሽንኩርቱ ያልበዛ፣ ቃሪያው ግን ያለ ርኅራኄ የተከተፈ። ሻዩ በትንሽ ብርጭቆ ይመጣል፤ ስኳሩን ከሥር አጋድሞ ስለሚመጣ የሚያማስለው የሠለጠነ ነው፣ የማያማስለው መጨረሻ ላይ በጣቱ የሚልሰው ነው። አግዳሚ ወንበሩ አራተኛ እግሩ ተሰብሮ በብሎኬት ተደግፏል። ዳር የተቀመጠ ሰው ከመነሳቱ በፊት «ልነሳ ነው» ብሎ ማወጅ አለበት፤ ሳያውጅ ከተነሳ የቀረነው ከነሻያችን ወለሉ ላይ ነን። ሒሳብ ሲሆን እትዬ ፊታቸውን ከምጣዱ ሳያነሱ «ስንት በላህ?» ይላሉ። የተናገርከውን ትከፍላለህ። ስድስት በልቶ አራት ያለ ሰው አይጠፋም፤ እሳቸውም ያውቁታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቃሪያው የበዛበትን መርጠው ያቀርቡለታል።

ቪዲዮው በወጣ በሁለት ወሩ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። አግዳሚው ወጥቶ የፕላስቲክ ወንበር ገባ። ግድግዳው ላይ ሰፌድ፣ አገልግል፣ አንድ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጋሻ ተሰቀለ። ሻዩ «ባህላዊ ሻይ» ተባለና ዋጋው እጥፍ ሆነ፤ ስኳሩ ለብቻው በማንኪያ ይመጣል። እትዬ ከምጣዱ ተነስተው ከገንዘብ መሳቢያው ኋላ ተቀመጡ። «ስንት በላህ?» የሚል የለም፤ የእህታቸው ልጅ አንድ አንድ እያለ ወረቀት ላይ ይጽፋል። የአዲስ አበባ ልጆች «ድባቡ!» እያሉ ፎቶ ይነሳሉ። እኛ ድባቡን ይዘን ሌላ ቤት ከሄድን ቆይተናል።

ሌላው ቤት የት ነው? አልናገርም። ብናገርም ችግሩ እኔ አይደለሁም፤ ችግሩ ወሎዬ ምስጢር ሲይዝ ብቻውን መብላት አለመቻሉ ነው። አንዱ ወዳጄ አዲሱን ቤት ሊያሳየኝ ከአራዳ ተነሳን። መንገድ ላይ የድሮ መምህሩን አገኘ፤ «ጋሼ፣ ቁርስ ሳይበሉማ አያልፉም!» አለ። የመምህሩ ባለቤት ቆመው ነበር፤ እሳቸውስ እንዴት ይቀራሉ? ጎረቤት ተጨመረ፤ ጎረቤቱ አማቹን ጠራ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስንደርስ የለቅሶ ቤት ሰልፍ አክለናል፤ አንድ መንገደኛ እንዲያውም ከንፈሩን መጥጦ «ማን ሞቶ ነው?» አለን። በሩ ላይ ወዳጄ ወደ ሁላችንም ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦

«አደራ፣ ይቺን ቤት ለማንም እንዳትነግሩ።»

ደሴ ላይ በእውነት የተደበቀ ነገር ፈልግ ብባል ግን እኔ የምጠቁመው ትልልቆቹን ነው። አይጠየፍ አዳራሽን እንውሰድ። ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፤ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በፊት ኢማም መሐመድ ዓሊ፣ በኋላ ራስ ሚካኤል፣ በ1906 ደግሞ ንጉሥ የተባሉት። ክርስቲያኑንም እስላሙንም ሰብስበው ግብር ያበሉበት አዳራሽ ዛሬም ቆሟል። የደሴ ሰው በየቀኑ ስሙን ይጠራል፤ «ከአይጠየፍ ዝቅ ብሎ ያለው ፀጉር ቤት» እያለ። ወፍጮ ቤቱ ፈርሶ የሚሰጠንን አገልግሎት የንጉሡ አዳራሽ ቆሞ ይሰጠናል። በሩን አልፎ የገባ ሰው ስትፈልጉ ግን ወይ ፈረንጅ ነው፣ ወይ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ወይ ዘበኛው ነው።

ሙዚየሙም ያው ነው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት ማለቴ ነው። ሁላችንም በተማሪነታችን ተሰልፈን ገብተናል፤ ከጉብኝቱ የምናስታውሰው ማን ማንን እንደገፋው ነው። በ2014ቱ ጦርነት ተዘረፈ ሲባል ከተማው ከልቡ አዘነ። ምን ምን ነገር እንደነበረን በዝርዝር ማወቅ የጀመርነውም ያኔ ነው።

ከዕቃ ይልቅ ወሬ እንደምንጠብቅ ግን ማንም አይክደንም። ኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ጃንሆይ እዚሁ ነበሩ፤ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ይህ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ከፎቶው ውጪ ቆመው ጥይት ሲያቀብሏቸው የነበሩት ግን የእያንዳንዳችን አያት ናቸው። የእኔም አያት ነበሩ፤ የጎረቤቴም፤ ያኔ ሐይቅ ከተማ ይኖር የነበረው የአንዱ ወዳጄ አያት ሳይቀር ለገበያ መጥቶ ተገኝቷል። ያን ያህል አያት ተሰልፎ ጣሊያን በሚያዝያ እንዴት ደሴ እንደገባ ለታሪክ ምሁራን እንተወው። «ቦታው የት ጋ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ ወደ ጦሳ ተራራ ይጠቁማል፣ ሌላው ወደ ሆጤ፣ ሦስተኛው ቡና ይጋብዛችኋል።

ቡናው ነው እንግዲህ ጉብኝትን ሁሉ የበላው። በቅርቡ አንድ ስልክ ያዥ እንግዳ ዘመድ ቤት አርፎ ነበር። ዕቅዱን በወረቀት ጽፎ መጥቷል፤ ጠዋት አይጠየፍ፣ ቀጥሎ ሙዚየም፣ ከሰዓት ጦሳ ላይ ወጥቶ ከተማዋን ቁልቁል ማየት፣ በማግስቱ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱት ገዳም። ጥሩ ዕቅድ ነበር፤ ጎረቤትን ብቻ አልቆጠረም። ከቤት ሲወጣ አጠገባቸው ያሉት ሴትዮ ቄጠማ ጎዝጉዘው ነበርና ተጠራ። አቦልን ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው ተባለ። ቶና መጣ። በረካን ሳይጠጣ የሄደ እንግዳ ምርቃቱን ጥሎ ይሄዳል ተባለና ተቀመጠ፤ አንድ ሼህ ረጅም ዱዓ አደረጉለት፣ ጥግ ላይ የነበሩ ቄስ አሜን አሉ። ወጣ ሲል የማዶዋ ሴት በር ላይ ቆማለች፦ «እኛ ምን በደልንህ?»

አመሻሹ ላይ ስምንተኛው ሳሎን ውስጥ አገኘሁት። ዓይኑ በቡና ብዛት ፈጧል፣ በአንድ እጁ ፈንዲሻ ይዟል፣ በሌላው ስልኩን አንስቶ የዕጣኑን ጢስ፣ ሲኒውን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የመካ ሥዕል ይቀርፃል። የቤቱ እመቤት ትንሽ አዩትና ጠየቁት፦

«የኔ ጌታ፣ ይሄን ለማን ነው የምታሳየው?»

«ለተከታዮቼ ነው፣ እትዬ።»

«ስንት ናቸው?»

«ስልሳ ሺህ።»

እትዬ ማራገቢያውን አስቀመጡ። ጀበናውን አንስተው ወዝወዝ አደረጉት፣ መልሰው ምድጃው ላይ ጣዱትና ወደ ጓዳ ተጣሩ፦

«አንቺ ልጅ! ውሃ ጨምሪ፣ ኸማዶም ሲኒ ተዋሺ!»