የደብረ ብርሃን ሰው፣ ሱቁን ዶዘር ብቻ አይደለም ያፈረሰው

እናንተ የደብረ ብርሃን ልጆች ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ ስሙኝ። መሃል ከተማ የነበረው ያ አሮጌ የድንጋይ ሱቅ፣ ዝናብ ሲመጣ በረንዳው ስር የምንጠለልበት፣ ሰሞኑን ዶዘር ሲገባበት ሁላችንም ሞባይል አውጥተን ቀረፅን። ማን ሰራው፣ ምን ይሸጥበት ነበር ብሎ አንድ ሽማግሌ የጠየቀ ግን ማነው? እኔም አልጠየኩም፣ አልዋሽም።

ከዛ ማታ "ታሪካችንን አጠፉብን" ብለን ፖስት። ኧረ ባካችሁ!

በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ትልቁ ንግድ አንኮበር ስር አልዩ አምባ ነበር፣ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው የነጋዴ ቅፍለት እዛ ያራግፋል፣ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ፣ ሰውም ጭምር ይሸጥ ነበር (ይሄንንም መርሳት የለብንም)። በኋላ ጣልያን የጣርማበርን ተራራ በስቶ በእኛ በኩል የሚያልፈውን የደሴን መንገድ ሲሰራ ንግዱ መኪናውን ተከትሎ መንገድ ዳር ወጣ። እንደዛ አይነት ሱቅ እኮ የመኪና ዘመን ልጅ ነው፣ ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዲ፣ ስኳር በአንድ ባንኮኒ።

ከዛ ሐምሌ 1967 አዋጅ 47 ወጣና ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ኪራይም ተቀነሰ። ለተከራይ ጥሩ ነበር፣ አልክድም። ግን ከዛ ወዲህ ተከራዩ "ቤቱ የቀበሌ ነው" ይላል፣ ቀበሌው "የሚጠቀምበት ያድሰው" ይላል፣ እንደዚ እየተባባሉ ሃምሳ አመት። በመሃል የጣራው አሸንዳ ወለቀ፣ ማንም አልመለሰውም።

ደሞ ለማሳመር ብላችሁ ሲሚንቶ የምትለስኑ ሰዎች አላችሁ። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ እርጥበቱን ቀስ እያለ በላዩ ያወጣል፣ ሲሚንቶ ስታደርጉበት ውሃው መውጫ ያጣና ጭቃው ከውስጥ ይሟሟል፣ ግድግዳው ሆዱ ይነፋል፣ ይሄ ደግሞ 2,800 ሜትር ላይ ያለ ዝናብና ውርጭ የማያጣው አገር ነው እንጂ አዋሽ በረሃ አይደለም። ከዛ ኢንጂነር ይመጣና "ለአደጋ ያሰጋል" ብሎ ይፅፋል፣ እውነቱን ነው ምን ያርግ።

የቅርስ አዋጁ 209 ከ1992 ጀምሮ አለ፣ ግን ቅርስ ሲባል እኛ የሚታየን ቤተክርስቲያንና ቤተመንግስት ብቻ ነው። ሱቅ ደሞ ምን ቅርስ ነው ብላችሁ ስቃችኋል፣ አላልኩም እንዳትሉ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።

ከፈረሰው ማዶ እንደሱ ያሉ ሁለት ቀርተዋል። የአንዱ አሸንዳ መሃሉ ላይ ተሰብሮ ውሃው ሳንቃው ላይ እየወረደ ነው፣ ስኳር ልትገዙ ስትገቡ ቀና በሉና እዩት። አሸንዳ የሚሸጥበት ሱቅ ደሞ ከሱ ሁለት በር አልፎ ነው።