ግድግዳው ካልተዘጋጀ ከሰሉ አይዝም
ስለ አንድ ቀራፂ ኤግዚቢሽን የተጻፈ ጽሑፍ፣ ቀራፂው በጋለሪው ግድግዳ ላይ በከሰል በቀጥታ እንደሳለ ይነግረናል፤ ከዚያ በፊት ያለውን ሥራ ግን ዘሎታል። ዋናው ልፋት እኮ እዚያ ነው። የሚያብለጨልጭ ቀለም ላይ ከሰል ይንሸራተታል። የሚስማር ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ፣ ሲደርቅ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ የማያብለጨልጭ የውሃ ቀለም ሁለት ዙር መቀባት ያስፈልጋል። የሮለሩ ፀጉር ረጅም ከሆነ ግድግዳው ሸካራ ይሆንና ቀጭን መስመር ይቆራረጣል።

በወረቀት የተሠራውን ንድፍ ግድግዳው ላይ ለማሳደግ ፕሮጀክተር ይፈጥናል፤ ግድግዳውን ፊት ለፊት ካላየ ግን ምስሉ ይጣመማል። በእኔ እምነት ካሬ ማስመር ይሻላል፦ የካሬው ጎን በወረቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ በግድግዳው 50። ቋሚው በቱንቢ፣ አግድሙ በውሃ ልክ ይውጣ። መስመሩ የሚመታበት ክር የሚነከርበት ዱቄት ሰማያዊ ይሁን፤ ቀዩ በቀላሉ አይለቅም።

ከላይ ወደ ታች ነው የሚሠራው፤ አለዚያ ብናኙ ያለቀው ላይ ይረግፋል። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሶል ለዊት እ.ኤ.አ. በ1968 የመጀመሪያ የግድግዳ ሥዕሉን በእርሳስ ስለሠራ ይህ ጣጣ አልነበረበትም። ፊክሳቲቩ (ከሰሉ እንዳይረግፍ የሚይዘው የሚነፋ ፈሳሽ) ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት በስሱ እየደጋገሙ ይነፋል፤ ተጠግተው ከነፉት ከሰሉን ይዞ ይወርዳል።

ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ የውሃ ቀለም ብቻ ደርቦ መቀባት ግድግዳውን ግራጫ ያደርገዋል። ብናኙ ተጠርጎ፣ መጀመሪያ በሼላክ ፕራይመር፣ ማለትም እድፉን በሚያፍን የሥር ቀለም፣ ይሸፈን።