ቡችላዋ ሲኒ ውስጥ መግባቷ ምኑ ያኮራል?

የአውሮፓ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2025 ስለ ውሾችና ድመቶች እርባታ የያዘው አቋም ብዙ ሻጮችን አስቆጥቷል። ጤናቸውን እስኪጎዳ ድረስ ቅርጻቸው የተጋነነ እንስሳት ለዘር አይዋሉ ነው የሚለው። ሰሞኑን አንድ ቡችላ ነጋዴ በቴሌግራም በለቀቀው ቪዲዮ ይህን የፈረንጅ ቅብጠት ነው እያለ ሲያጣጥል ሰማሁት። እያወራ አንዲት የዮርክሻየር ቴሪየር ቡችላ ሲኒ ውስጥ ከተታት። ስታድግም ከ1 ኪሎ አታልፍም አለ። ዋጋዋ ደግሞ የእህቶቿ እጥፍ ነው።

መከራከሪያውን ስሙልኝ። ትንንሽ ውሾች ከትልልቆቹ የበለጠ ዕድሜ አላቸው፤ ስለዚህ ውሻዋ ባነሰች ቁጥር ጤነኛ ናት። ጉድ እኮ ነው! የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ዮርኪ (ዮርክሻየር ቴሪየር ሲያጥር) ግዙፍ ከሆነው ግሬት ዴን ከሚባለው ውሻ የበለጠ ይኖራል፣ ማንም አይክድም። ግን 3 ኪሎዋ ከ60 ኪሎው በላይ ስለኖረች 1 ኪሎዋ ከ3 ኪሎዋ ትበልጣለች ያለው ማነው? በዚህ ሂሳብ ሩብ ኪሎ የምትመዝን ውሻ ብትገኝ ሁላችንንም ቀብራ ልትቀር ነው።

ቴሪየር ትንሽ የሆነው በምክንያት ነው። የዮርኪ ቅድመ አያቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አይጥ ያሳድዱ ነበር። ሌላውን ትንሽ ቴሪየር፣ ጃክ ራስልን ደግሞ ተመልከቱ። ሥራው ቀበሮን ተከትሎ ጉድጓድ መግባት ነው። ስለዚህ የሚለካው በእጅ ነው። የሚለካው ሰው ከውሻው ትከሻ ኋላ ሁለት እጁን በደረቱ ዙሪያ ያደርጋል። የመካከለኛ ሰው እጅ ዙሪያውን ሊይዘው ይገባል። በእንግሊዝ የዘር መለኪያ፣ ማለትም ዘሩ ምን መምሰል እንዳለበት በሚደነግገው ጽሑፍ፣ የደረቱ ዙሪያ ከ40 እስከ 43 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቁመቱም ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር። ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ይሄዳል፣ ለየ5 ሳንቲ ሜትሩ 1 ኪሎ። ደረቱ ከሰፋ ጉድጓድ ውስጥ ይቀረቀራል። ከጠበበ ደግሞ ሳንባና ልብ የት ይቀመጡ? እዚህ ጋ ትንሽነት ከላይም ከታችም ልክ አለው።

የዮርኪስ? ከ3.2 ኪሎ አይብለጥ ይላል መለኪያው። በቃ። ከዚህ አይነስ የሚል ነገር የለም። ጣሪያ አለው፣ ወለል የለውም። ነጋዴው የገባው በዚህች ክፍተት ነው። ከተወለዱት ውስጥ የጫጨችውን ይመርጣል፣ ከሌላ ከጫጨ ጋር ያዳቅላል፣ የወጣውን ብርቅዬ ብሎ ይሸጣል። ሌላ ቤት ቢሆን የጫጨ ቡችላ የሚያሳስብ እንጂ የሚያስጨፍር አልነበረም።

ለዘር የሚሆን ትንሽ ቴሪየር ሲመረጥ የሚታየው ሌላ ነው። የኋላ እግሩን ዘርግቶ የጉልበቱን ሎሚ በአውራ ጣት ገፋ ማድረግ ነው። ከቦታው ሸርተት ካለ፣ ያ ውሻ ምንም ያህል ቢያምር አባት አይሁን። የመተንፈሻ ቧንቧው ቀለበቶች ልል ከሆኑ ማሰሪያ ሲሳብ ደረቅ ሳል ይጀምራል፤ ዮርኪን ደጋግሞ የሚይዝ ጣጣ ነው። አናቱ ላይ እርግብግቢቱ መገጠም አለበት። የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ቋሚው ከጎኑ ሲበቅል አፉ ይጣበባል። ጉበቱም አለ። በዚህ ዘር ደም በትርፍ ሥር ጉበትን ዘሎ የሚያልፍበት እክል ይበዛል። ከምግብ በፊትና በኋላ በሚወሰድ ደም የሐሞት አሲድን መመርመር ይቻላል። ሻጩ ስለዚህ አንድ ቃል ተነፈሰ? የተነፈሰው ስለ ፀጉሯ ሐር መምሰል ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን እናቲቱ መረሳቷ ነው። እሷም ትንሽ ናት፣ ዳሌዋ ጠባብ ነው። እንዲህ ያለች ውሻ አንዳንዴ የምታረግዘው አንድ ቡችላ ብቻ ነው። ብቻውን ስለሆነ ይወፍራል፣ መውጫው ይጠበዋል። ከዚያ ኦፕራሲዮን ነው፤ ለዚያውም ማደንዘዣው በሚሊግራም እየተሰላ። ሐኪም በሌሊት ካልተገኘ ደግሞ ሁለቱም ሊሞቱ ይችላሉ። ቡችላው ቢተርፍም በየጥቂት ሰዓቱ ካልጠባ የደሙ ስኳር ይወርድና ይንቀጠቀጣል፣ ይዝላል። ይህን ሁሉ የምትከፍለው እሷ ናት፤ ብሩን የሚቆጥረው ሌላ ነው። ሻጭ ሁሉ ቡችላ ከማሳየቱ በፊት እናቲቱን ሚዛን ላይ አውጥቶ ያሳይ ብዬ ብጠይቅ ስንቱ ቪዲዮውን እንደሚያጠፋ አውቃለሁ።

ገዢው ነው የሚፈልገው ይላሉ። ገዢውማ የተነገረውን ነው የሚያውቀው። ያቺን ሲኒ ማን አመጣት?

ትንሽ ውሻ አይኑር አላልኩም። 3 ኪሎ ዮርኪ ደረጃ ይወጣል፣ ይሮጣል፣ በሩን ያንኳኳውን ሁሉ ይጮህበታል፤ ደስ የሚል ፍጥረት ነው። የእኔ ጥያቄ መለኪያው ወለል ይኑረው ነው። ከ2 ኪሎ ተኩል በታች የሆነች ሴት አትውለድ። ቁጥሩን ከየት አመጣኸው የሚለኝ አይጠፋም። እነሱስ 1 ኪሎን ከየት አመጡት?