በሩ «ጓ» ካለ ጓ ይባል

አንድ ጊዜ ለአንድ ጋዜጣ ጽሑፍ ሰጠሁ። ውስጡ «በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ» የሚል ነበረበት። ታትሞ ሳየው «በሩ ከፍተኛ ድምፅ በማሰማት ተዘጋ» ሆኗል። አርታኢውን ብጠይቀው «ጓ እኮ የልጅ ቋንቋ ነው» አለኝ። እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

በአማርኛ ዕቃም ይናገራል። ጅራፍ ጧ ይላል፣ ቅጠል ኮሽ ይላል፣ ብርጭቆ ከሽ ይላል። ዝምታ እንኳ «ይላል»፤ ሰውየው ዝም አለ፣ ጭጭ አለ እንላለን። ፊደላችንም ተባባሪ ነው። ጓ፣ ኳ፣ ፏ፣ ሿ እያንዳንዳቸው በአንድ ፊደል ያልቃሉ።

ደግሞ እነዚህ ድምፆች ይወልዳሉ። ከኳ ማንኳኳት፣ ከኮሽ ኮሽታና መንኮሻኮሽ፣ ከፏ ፏፏቴ። ያ አርታኢ «የጢስ ዓባይ ፏፏቴ» የሚል ቢመጣለት ይሰርዘዋል? አይሰርዘውም። ፏፏቴ ሱፍ የለበሰ ፏ ስለሆነ ነው።

ልጅ ሳለሁ ክረምት ላይ ጣሪያችን ያፈስ ነበር። እናቴ ከሥሩ የቆርቆሮ ባልዲ ታስቀምጣለች። ባልዲው ባዶ ሳለ ጠብታው ቷ፣ ቷ ይላል። ውሃ ሲይዝ ጠብ፣ ጠብ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ፣ የሚደፋበት ሰዓት መድረሱን አውቅ ነበር። ይህን «የውሃ ጠብታ ድምፅ» ብሎ መጻፍ ባልዲውን ከነውሃው መድፋት ነው።

ጠብና ዱብም አንድ አይደሉም። ውሃ ጠብ ይላል፤ የበሰለ ማንጎ ከዛፉ ዱብ ይላል። ሥራ ፍለጋ ወራት የተንከራተተ ሰው «ጠብ ያለ ነገር የለም» ይላችኋል። ያላሰቡት መከራ ሲመጣ ግን ዱብ ዕዳ ነው። (በየወሩ ከደመወዝ የሚቆረጠውን የባንክ ብድር «ጠብ ዕዳ» ብንለው ያስኬዳል።)

የልጅ ቋንቋ ነው መባሉስ ምን ነውር አለው? ሁላችንም ድብብቆሽ ስንጫወት «ኩኩሉ!» «አልነጋም!» ተባብለናል። የአውራ ዶሮን ጩኸት እንደ ኩኩሉ አሳምሮ የሚጠራ ሌላ ቃል አላገኘሁም። የፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ጓ ይጻፍ አላልኩም። ግን ሰፈር ውስጥ ስለሆነ ነገር የሚያወራ ጽሑፍ ሰፈሩ እንደሚያወራው ቢያወራ ማን ይጎዳል?

ለዚያው አርታኢ ሰሞኑን ሌላ ጽሑፍ ልኬለታለሁ። ሁለት ጓ እና አንድ ዱብ አለበት።