እርማት፦ የጽሑፍ ብራውዘር ሁሉ ጃቫስክሪፕት አይችልም?

ወንድሜ፣ "በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ብራውዘር ጃቫስክሪፕት ጭራሽ አያውቅም" ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ግን ልክ አይደለም። (ጃቫስክሪፕት ድረ ገጽ ውስጥ የሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ በእሱ የተጻፈው ትእዛዝ ስክሪፕት ይባላል።)

ሊንክስ (Lynx) ስለሚባለው የጽሑፍ ብራውዘር ከሆነ ያልከው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ አለ፤ ጃቫስክሪፕት ግን የለውም። ችግሩ የሊንክስን ጠባይ ለሁሉም መስጠቱ ላይ ነው።

ኤድብራውዝ (edbrowse) የሚባለውን ሌላ የጽሑፍ ብራውዘር እየው። የጀመረው ዓይነ ስውር ፕሮግራመር ነው። ጃቫስክሪፕትን የሚያስኬድ ክፍል፣ ማለትም ሞተር፣ አለው። ገጹን በመስመር በመስመር ያቀርብልሃል። ስክሪፕቱ አንድ ነገር ሲቀይር ደግሞ "ይህ መስመር ተቀይሯል" ብሎ ቁጥሩን ይነግርሃል። ስክሪን ማየት ለማይችል ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ በጣም ነው የማደንቀው።

ኢሊንክስ (ELinks) የሚባለውም ይችላል፣ በከፊል። ሞተሩ የሚገባው ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሲደረግ (ከምንጭ ኮዱ ሲገነባ) ስለሆነ፣ አንተ የጫንከው ላይ ላይኖር ይችላል። ምናልባት ሞክረህ እምቢ ያለህ ለዚህ ይሆናል።

ብራውሽ (Browsh) የሚባለው ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ከጀርባ ፋየርፎክስን ያለ መስኮት ያስነሳል፤ ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ፋየርፎክስ ነው፤ ውጤቱን ብቻ ተርሚናሉ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ይስልልሃል።

ስለዚህ "የጽሑፍ ብራውዘር" ከማለት የትኛውን እንደሆነ በስሙ ብትጠራው ጥሩ ነው።