አሸንዳን የሚገድለው ጥም ሳይሆን ውሃ ነው

«አሸንዳ የደጋ ረግረግ አበባ ስለሆነ ጓሮ ሲተከል በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል፤ የታች ቅጠሉ ከደረቀም ሞቷልና ንቀሉት» ብለው ለመከሩን፦ በቅንነት እንደጻፉት ይገባኛል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው አሸንዳውን የሚያጣው ይህንኑ ሲያደርግ ነው።

አሸንዳ (አበልቢላ የምትሉትም አላችሁ) በተፈጥሮ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። በባሌም በሰሜን ተራሮችም ተዳፋት ሣር መሬት ላይ ይታያል። ዝናቡ ያርሰዋል፤ ውሃው ግን ቁልቁል ይወርዳል እንጂ አይተኛበትም። ጓሮ ውስጥ ጭቃ ላይ ሲውል ቀድሞ የሚበሰብሰው ቅጠሎቹ የሚገናኙበት አንገቱ ነው። ለማረጋገጥ መሃል ያለውን ለጋ ቅጠል ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ያለ ትግል ተነቅሎ ከመጣና ሥሩ ቡናማ ሆኖ ከሸተተ ውሃ በዝቶበታል።

ከፍ ያለ መደብና ፀሐይ ስጡት፤ አንገቱን አፈር አታልብሱት። አዲስ ተክል ሥር እስኪይዝ ውሃ ይፈልጋል፣ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። ከዚያ በኋላ ግን ጣት አፈር ውስጥ ሰዶ መድረቁን ሳያዩ ማጠጣት ትርፉ መበስበስ ነው።

የታች ቅጠሎቹ መድረቅ ደግሞ እርጅና ነው፤ በመቀስ ማንሳት ይበቃል። ከዘር ያበቀላችሁ በመጀመሪያው ዓመት አበባ አትጠብቁ። አበባው ከታች ወደ ላይ ስለሚፈካም የታችኛው ጠወለገ ብላችሁ ዘንጉን አትቁረጡት፤ የላዩ ገና ቀይ እንቡጥ ነው፣ ንቦቹም አልጨረሱም።